ስፓኒሽ ተናጋሪ የሥራ ጓደኛችሁን እንግሊዝኛ ማስጀመር፦ ከየት ተነስታችሁ ምን ምኑን እንደምታስተምሩ

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ኪችን ግቡ፣ ፓርኪንግ ሥሩ፣ ሆቴል አጽዱ፣ አጠገባችሁ ያለው ሰው ወይ ከኤልሳልቫዶር ነው ወይ ከጓቲማላ ወይ ከሆንዱራስ። በዛ አካባቢ ከውጭ ከመጣው ሰው በቁጥር አንደኛው የኤልሳልቫዶር ሰው ነው፣ እኛም ብዙ ነን፣ ስለዚ አብረን ነው የምንውለው። እና እንግሊዝኛችን ትንሽ ሻል ያለ ከሆነ "አሚጎ አስተምረኝ" መባል አይቀርም። ደስ የሚል ነገር ነው፣ እኔ በጣም የምወደው ሥራ ነው፣ ግን አብዛኞቻችን ወዲያው የምናደርገው ሀገር ቤት የተማርነውን ማውጣት ነው፣ ቴንስ በሰንጠረዥ፣ ኢሬጉላር ቨርብ በሽምደዳ ምናምን። ለስፓኒሽ ተናጋሪ ይሄ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ነው። እሱ እኮ ከዜሮ አይጀምርም፣ ሳያውቀው በሺ የሚቆጠር የእንግሊዝኛ ቃል ጭንቅላቱ ውስጥ አለ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ስፓኒሹ ሁልጊዜ እየጎተተ የሚያሳስተው የታወቁ ጥቂት ቦታዎች አሉ። ያለውን አውጡለት፣ የሚጎትተው ቦታ ላይ ጊዜ ስጡ፣ ሌላው በጊዜው ይመጣል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

1. ማንን እንደምታስተምሩ እወቁ

ሦስት ነገር ማወቅ ይበቃል። አንደኛ ስፓኒሽ አፍ የፈታበት ቋንቋ ነው ወይ? ይሄን የምለው ከጓቲማላ የሚመጡ ብዙ ሰዎች ቤታቸው የሚያወሩት ማም ወይ ኪቼ ወይ ሌላ የማያ ቋንቋ ስለሆነ ነው፣ ስፓኒሽ ለነሱም ሁለተኛ ቋንቋ ነው። እንደዛ ከሆነ ከታች የማወራው ከስፓኒሹ በነፃ የሚመጡለት ቃላት ነገር በከፊል ብቻ ነው የሚሠራላችሁ። ሁለተኛ በስፓኒሽ ማንበብና መጻፍ ይችላል ወይ? ይሄን ፊት ለፊት አትጠይቁ፣ ሰው ያሳፍራል፣ ዝም ብላችሁ ስልኩን ሲጠቀም እዩ፣ ቴክስት ይጽፋል ወይስ ሁሌ ቮይስ ነው የሚልከው? ቮይስ ብቻ ከሆነ ወረቀቱን ትታችሁ በድምፅና በፎቶ ጀምሩ። ሦስተኛ ለምንድነው የፈለገው? ከማናጀሩ ጋር ለመግባባት ነው፣ የልጁ ትምህርት ቤት ሲደውል ለመመለስ ነው፣ ወይስ ሐኪም ጋ ብቻውን ለመሄድ? መልሱ የመጀመሪያዎቹን ቃላት ይመርጥላችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ተማሪያችሁ በዕድሜ ከፍ የሚል ከሆነ በባዶ ስሙ አትጥሩት። እኛ ጋሼና እትዬ እንደምንለው እነሱም ዶን እና ዶኛ ብለው ከስም ያስቀድማሉ፣ ዶን ሆሴ፣ ዶኛ ማርታ እያላችሁ ጥሯቸው። ትልቅ ሰው ልጅ ፊት ቁጭ ብሎ መሳሳት ከባድ ነው፣ ይቺ አክብሮት ብዙ ፍርሃት ታስለቅቃለች።

2. ቀድሞ የሚያውቀውን ቃል አውጡለት

በ1066 ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ ገዢው ክፍል የሚናገረው ፈረንሳይኛ ነበር፣ ፍርድ ቤቱም ቤተ መንግሥቱም ለረጅም ዘመን በሱ ሄደ፣ ቤተ ክርስቲያንና ሳይንስ ደግሞ ላቲን አመጡ። ለዚ ነው ዛሬ እንግሊዝኛ ዲክሽነሪ ውስጥ ካለው ቃል ከግማሽ በላዩ ከፈረንሳይኛና ከላቲን የገባ የሆነው። ስፓኒሽ ደግሞ ራሱ ከላቲን የወጣ ቋንቋ ነው። ስለዚ መጀመሪያው ቀን ላይ ዲክሽነሪ ሳይሆን አራት ጭራ ስጡት።

በስፓኒሽ "ሲዮን" ብሎ የሚያልቀው በእንግሊዝኛ "ሽን" ነው፦ ኢንፎርማሲዮን ኢንፎርሜሽን ይሆናል፣ ኤስታሲዮን ስቴሽን፣ ኦፔራሲዮን ኦፕሬሽን። "ዳድ" የሚለው "ቲ" ይሆናል፦ ኡኒቬርሲዳድ ዩኒቨርሲቲ፣ ሲዩዳድ ሲቲ። "ሜንቴ" የሚለው "ሊ" ነው፣ ራፒዳሜንቴ ራፒድሊ። "ኦሶ" የሚለው "አስ"፣ ፋሞሶ ፌመስ። ከዛ ወረቀት ስጡትና በ"ሲዮን" የሚያልቁ አሥር የስፓኒሽ ቃላት ጻፍ በሉት፣ አንድ ባንድ ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩ። ሁሉም ላይ አይሠራም፣ ትራዱክሲዮን ለምሳሌ ትራንስሌሽን ነው እንጂ ሌላ አይደለም፣ ግን አብዛኛው ይሠራል፣ እና "እንግሊዝኛ አልችልም" ብሎ የመጣ ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ አሥር ትልልቅ ቃላት ጽፎ ሲያይ ፊቱ ላይ የምታዩት ነገር አለ።

እዚ ላይ ድምፁን ካሁኑ አስይዙት። በስፓኒሽ ጉልበቱ መጨረሻው "ዮን" ላይ ነው፣ በእንግሊዝኛ ከ"ሽን" በፊት ያለው ላይ ነው፣ ኢንፎር-ሜ-ሽን። ይሄን ካልያዘ ቃሉን እያወቀው ሰው አይገባውም።

እኛም ከጣልያን የወሰድናቸው ቃላት እዚ ላይ ጨዋታ ይከፍታሉ፣ ባንዲራ፣ ፋብሪካ፣ ጎማ ብትሉት ሳትተረጉሙለት ይገባዋል።

ግን አንድ ወጥመድ አለ። ነፃ የሚመጣው ቃል የቢሮና የትምህርት ቃል ነው የሚበዛው፣ ማናጀሩ ደግሞ እንደዛ አያወራም። ተማሪያችሁ ኤንተር የሚለውን ከኤንትራር፣ ሪተርን የሚለውን ከሬቶርናር ያውቀዋል፣ ማናጀሩ ግን የሚለው "ከም ኢን"፣ "ፑት ኢት ባክ"፣ "ክሊን አፕ"፣ "ተርን ኢት ኦፍ" ነው። እነዚ ትንንሾቹ ቃላት አብዛኞቹ ከጥንቱ የጀርመን ዘር የመጡ ናቸው፣ ስፓኒሽ ምንም አይረዳውም፣ እነሱን ነው መግዛት ያለበት። ደረጃ 4 ላይ እመለስበታለሁ።

3. መስለው የሚያሳስቱትን ቀድማችሁ አስጠንቅቁ

ነፃ ቃል ከሰጣችሁት በኋላ ሁሉንም በስፓኒሹ መገመት ይጀምራል፣ ጥሩ ነው፣ ግን የተወሰኑት ይጥሉታል። ኪችን ውስጥ የመጀመሪያዋ ሶፓ ናት፣ በስፓኒሽ ሾርባ ማለት ነው፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ ሶፕ ሳሙና ነው፣ ሾርባው ሱፕ ነው። "ብሪንግ ዘ ሱፕ" ተብሎ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይዞ የመጣ ሰው አይቻለሁ፣ በራት ሰዓት ማለት ነው። ሮፓ ልብስ ነው፣ ሮፕ ገመድ። ካርፔታ ፎልደር ነው፣ ካርፔት ምንጣፍ። ኤክሲቶ መሳካት ነው፣ ኤግዚት መውጫ በር። ሊብሬሪያ መጽሐፍ መሸጫ ነው እንጂ ላይብረሪ አይደለም። አሲስቲር መገኘት ነው፣ አሲስት መርዳት። አክቱዋልሜንቴ አሁን ማለት ነው፣ አክችዋሊ ደግሞ "እንደውም" አይነት ነገር ነው። ቅድም ያልኳት ፋብሪካ ደግሞ ለኛም ለነሱም ያው ፋብሪካ ናት፣ በእንግሊዝኛ ፋብሪክ ግን ጨርቅ ነው።

ሐኪም ቤት የሚገቡትን ግን በደንብ አስምሩባቸው። ኤምባራሳዳ እርጉዝ ማለት ነው፣ ኢምባራስድ ያፈረ። ነርስ ፊት ይሄን ያደባለቀች ሴት የማይሆን መድኃኒት ሊታዘዝላት ይችላል። ኢንቶክሲካዶ የምትለዋ ደግሞ ሰው ጎድታለች። በ1980 ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የ18 ዓመት ልጅ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ፣ ከኩባ የመጡት ቤተሰቦቹ ኢንቶክሲካዶ ነው አሉ፣ የበላው ነገር መርዞታል ማለታቸው ነው፣ ሐኪሞቹ ግን ኢንቶክሲኬትድ ብለው ወሰዱት፣ አደንዛዥ ዕፅ ወስዷል ብለው በዛ አከሙት። ልጁ የነበረበት ጭንቅላት ውስጥ ደም መፍሰስ ነበር፣ እስኪታወቅ እጅና እግሩ ሽባ ሆነ፣ ጉዳዩም ወደ 71 ሚሊየን ዶላር በሚጠጋ ካሣ ነው ያለቀው።

ስለዚ ከማንኛውም ግራመር በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይያዝ፦ "አይ ኒድ አን ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ።" የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ መነሻው የ1964ቱ የሲቪል ራይትስ ሕግ ነው፣ ክፍያ አይጠየቅበትም። እኛም ብንሆን ለእናቶቻችን ይሄን እንጠቀምበት። እናንተ ራሳችሁ በኪችን ስፓኒሽ ሐኪም ጋ ገብታችሁ አታስተርጉሙ፣ ልባችሁ ደግ ቢሆንም።

4. ከሥራው የሚነሱ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች

ቃል በቃል ሳይሆን ሙሉውን ሐረግ ስጡት፣ ለምን እንደዛ እንደሆነ አሁን አታስረዱ። ኪችን ከሆነ "ቢሃይንድ!" ከኋላህ ነኝ፣ "ኮርነር!" መታጠፊያው ላይ ነኝ፣ "ሃት!" የያዝኩት ያቃጥላል። እነዚ ለደኅንነት ናቸው፣ የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው መሰጠት ያለባቸው። ቀጥሎ "ዊ አር አውት ኦፍ ራይስ"፣ ሩዙ አልቋል፣ እና ራይስ የምትለዋን እያወጣ በቲማቲሙ፣ በዘይቱ፣ በበረዶው ይቀይር። ሆቴል ከሆነ በር ሲያንኳኳ "ሃውስኪፒንግ!"፣ ከዛ "ዱ ዩ ኒድ ታወልስ?" አልጋ ልብስም ሳሙናም በዛው ፍሬም ይገባል። ለሁሉም ሰው የሚሆኑ ደግሞ አራት አሉ፦ "አይ ዶንት አንደርስታንድ"፣ "ስሎውሊ ፕሊዝ"፣ "ካን ዩ ሪፒት ዛት?"፣ "ሃው ዱ ዩ ሴይ ዚስ?" የመጨረሻዋን ዕቃውን በጣቱ እያሳየ ከጠየቀ ሰው ሁሉ አስተማሪው ይሆናል፣ እናንተ ሌላ ሺፍት ላይ ብትሆኑም።

ግስ ላይ ስስት ይኑራችሁ። ኦግደን የሚባል እንግሊዛዊ በ1930 በ850 ቃላት ብቻ የሚሠራ እንግሊዝኛ ሲያወጣ የመረጣቸው ግሶች 18 ብቻ ነበሩ፣ ከም፣ ጎ፣ ጌት፣ ጊቭ፣ ፑት፣ ቴክ፣ ሜክ፣ ኪፕ የመሳሰሉት። እነዚን ከኢን፣ አውት፣ አፕ፣ ዳውን፣ ኦን፣ ኦፍ፣ ባክ ጋር ብታጋጥሙ የማናጀሩ አፍ ግማሹ ይገባዋል። እያደረጋችሁ አስተምሩ፣ ሳህኑን አንሱና "ቴክ ኢት አውት"፣ መልሱና "ፑት ኢት ባክ"፣ ምድጃውን ጠቅ አድርጉና "ተርን ኢት ኦፍ"።

አንድ ችግር ትጠብቃችኋለች፣ ሜክ እና ዱ ለስፓኒሽ ተናጋሪ አንድ ግስ ናቸው፣ አሴር። ሕግ አትፈልጉ፣ "ሜክ ኮፊ፣ ሜክ ሳላድ፣ ሜክ ዘ ቤድ፣ ዱ ዘ ዲሺስ፣ ዱ ዘ ላውንድሪ" ብላችሁ ከነጓደኞቻቸው አስይዙ፣ ሴይ እና ቴልም እንደዛው ናቸው።

5. ግራመር፣ ስፓኒሹ የሚጎትትባቸው ቦታዎች ብቻ

ባለቤት መጣል። ስፓኒሽ እንደ አማርኛ ነው፣ "ትራባሆ" ካለ "እሠራለሁ" ብሎ ጨርሷል፣ እኔ ማለት አያስፈልገውም። ስለዚ "ኢዝ ሬይኒንግ"፣ "ኢዝ ቬሪ ሃት" ይላል፣ እኛም እንደዛው እንል የነበረ ነገር ነው። እንግሊዝኛ ግሱ ብቻውን ባለቤቱን ስለማይናገር ፊት ላይ የሆነ ነገር መቆም አለበት፣ ማንም ከሌለ "ኢት" ይቆማል። ሲናገር መጀመሪያ ጣቱን ወደሆነ ነገር ይቀስር፣ ወደራሱ፣ ወደናንተ፣ ወደ ድስቱ፣ ምንም ከሌለ ወደ ላይ፣ ከዛ ግሱን ይበል። እጁ ለመደው ማለት አፉም ይለምደዋል።

አለኝ እና ነኝ። ስፓኒሽ ዕድሜውም ረሃቡም ብርዱም "አለኝ" ነው። "ቴንጎ 30 አንዮስ" 30 ዓመት አለኝ፣ "ቴንጎ አምብሬ" ረሃብ አለኝ፣ "ቴንጎ ፍሪዮ" ብርድ አለኝ። በዛ ምክንያት "አይ ሃቭ ሰርቲ ይርስ"፣ "አይ ሃቭ ሃንግሪ" ይላሉ። ትክክሉ "አይ አም ሰርቲ"፣ "አይ አም ሃንግሪ" ነው። ብርዷ ላይ ጠንቀቅ በሉ፣ ፍሪዘር ውስጥ እየሠራ በርዶኝ ለማለት "አይ ሃቭ ኤ ኮልድ" ካለ ማናጀሩ የሚሰማው ጉንፋን ይዞኛል ነው፣ ምግብ እንዳይነካ ወደ ቤቱ ሊልከው ይችላል፣ የቀን ገቢው ሄደ ማለት ነው። "አይ አም ኮልድ" ይበል።

ዱ፣ ደዝ፣ ዲድ። እዚ ላይ ብዙ ጊዜ ውሰዱ፣ ከሁሉም ነገር ይሄ ነው ከባዱ። ስፓኒሽ ለመጠየቅ ድምፅ ብቻ ነው የሚያነሳው፣ እኛም "ነገ ትሠራለህ?" ስንል እንደዛው ነን። "ዩ ወርክ ቱሞሮ?" ቢል ይገባል፣ ግን መልሱ ላይ "አይ ኖ ወርክ" ይመጣል፣ በስፓኒሽ "ኖ ትራባሆ" ስለሆነ። የምመክረው ዱ ምን እንደሆነ ለማስረዳት አለመሞከር ነው፣ ትርጉም የለውም፣ ቦታ ያዥ ነው። ሦስት መስመር ጻፉለት፦

ዩ ወርክ። ዱ ዩ ወርክ? አይ ዶንት ወርክ።
ሺ ወርክስ። ደዝ ሺ ወርክ? ሺ ደዝንት ወርክ።
ሺ ወርክድ። ዲድ ሺ ወርክ? ሺ ዲድንት ወርክ።

ከዛ ሁለተኛው መስመር ላይ "ስ" የምትለዋን በቀለም አክብቡ። "ወርክስ" ላይ የነበረችው ጥያቄው ላይ ወርክ ላይ የለችም፣ ወዴት ሄደች ብላችሁ ጠይቁት፣ ራሱ ፈልጎ ደዝ መጨረሻ ላይ ያገኛታል። አንድ ስ ናት ያለችው፣ ሁለት ቦታ አትቀመጥም። ሦስተኛው መስመር ላይም ያለፈውን ጊዜ ዲድ ወስዶታል፣ ስለዚ "ዲድ ሺ ወርክድ" አይባልም። ይሄን ራሱ ካገኘው አይረሳውም፣ ከነገራችሁት ግን ሳምንት አይቆይም። ከዛ አሥር ግስ እየቀያየራችሁ ሦስቱን መስመር በቃል ሂዱበት፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ።

ቅጽል። ስፓኒሽ ስሙን ያስቀድማል፣ መጀመሪያ ቤት ከዛ ነጭ። ዲሲ ላላችሁ ማስታወሻው ደጃችሁ ላይ ነው፣ ዋይት ሃውስን እነሱ ካሳ ብላንካ ነው የሚሉት፣ ይሄን የማያውቅ ስፓኒሽ ተናጋሪ የለም። ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፉና ቦታ መቀያየራቸውን አሳዩት። ብዙ ሲሆን ደግሞ ካሳስ ብላንካስ ብለው ቅጽሉንም ያበዙታል፣ በእንግሊዝኛ ግን ዋይት ላይ ስ አትገባም።

የማን ነው። "ኤል ካሮ ዴ ሚ ኤርማኖ" የሚለውን ይዘው "ዘ ካር ኦፍ ማይ ብራዘር" ይላሉ፣ ይገባል ግን ከባድ ነው። እኛ የወንድሜ መኪና ስለምንል "ማይ ብራዘርስ ካር" ያው የኛ ቅደም ተከተል ነው፣ በቀላሉ ማሳየት ትችላላችሁ። የማይታያችሁ ሌላው ነው፦ ስፓኒሽ ውስጥ "ሱ" የምትል አንዲት ቃል የሱም የሷም የነሱም የርስዎም ናት። እኛ መኪናው፣ መኪናዋ፣ መኪናቸው ብለን ስለምንለይ "ማሪያ ፓርክድ ሂዝ ካር" ሲል እንዴት ወንድና ሴት ይምታታበታል ብለን እንገረማለን፣ አልተምታታበትም፣ ቋንቋው አይለይም። ፎቶ እያሳያችሁ ሂዝ፣ ኸር፣ ዜር አስደጋግሙ።

መውደድ። "ሜ ጉስታ ኤል ካፌ" ቃል በቃሉ ቡናው ይጥመኛል አይነት ነው፣ ቡናው ነው ባለቤቱ። በእንግሊዝኛ ሰውየው ፊት ይወጣል፣ "አይ ላይክ ኮፊ"።

የቀሩትን እያለፋችሁ አርሙ። "አይ ዶንት ሃቭ ናቲንግ" ይላሉ፣ በስፓኒሽ ሁለት አሉታ ትክክል ስለሆነ፣ "ኤኒቲንግ" በሉት። ኢን፣ ኦን እና አት ለነሱ "ኤን" የምትል አንዲት ቃል ናት፣ በሕግ አትጀምሩ፣ በሐረግ ስጡ፣ ኦን ዘ ቴብል፣ ኢን ዘ ፍሪጅ፣ አት ወርክ። "ፒፕል ኢዝ" ካለ "ፒፕል አር" ነው። ፕረዘንት ፐርፌክትን ለመጀመሪያዎቹ ወራት ጭራሽ አትንኩት፣ ያለፈ ጊዜን በዲድ እና በጣም በሚያስፈልጉት ግሶች፣ ዌንት፣ ሃድ፣ ጋት፣ ሴድ፣ ቱክ፣ ኬም፣ ሜድ ይበቃዋል።

6. ድምፅ

ስፓኒሽ ውስጥ ስ ሌላ ተነባቢ አስከትላ ቃል አትጀምርም፣ ሁልጊዜ ኤ ትቀድማታለች፣ ኤስኩዌላ፣ ኤስፓንያ። ስለዚ "ኤስኩል"፣ "ኤስቶፕ" ይላሉ። እኛም እስኩል፣ እስፖርት እንላለን፣ ስለዚ እዚ ላይ አብራችሁ ተለማመዱ፦ ስስስስ ብላችሁ አስረዝሙና ትንፋሽ ሳትቆርጡ ኩል፣ ስስስስኩል፣ ቀስ በቀስ አሳጥሩ።

ስፓኒሽ አምስት አናባቢ ብቻ ነው ያለው፣ እንግሊዝኛ ከ12 በላይ። ትልቁ ጣጣ "ልቭ" እና "ሊቭ" ነው፣ እኖራለሁና እሄዳለሁ። ለነሱ ሁለቱም ሊቭ ናቸው፣ "አይ ሊቭ ሂር" ሲል ከዚ ልለቅ ነው ያለ ይመስላል። እኛ ሳድስና ሣልስ ስለምንለይ ጆሯችን ይሰማዋል፣ ሳድሱ የእንግሊዝኛው አጭር ድምፅ ባይሆንም ቀረብ ይላል። አጭሯን ከንፈሩን ሳይለጥጥ፣ ረጅሟን ፈገግ ብሎ ይበላት። ሸ እና ዘም አሉን፣ እነሱ ሸን ቸ፣ ዘን ሰ ያደርጓታል፣ ሹዝ ቹስ ይሆናል። ቪ ላይ የላይኛው ጥርስ ታችኛውን ከንፈር ይንካ፣ አለዚያ ቬሪ ቤሪ ይሆናል። ኪችንና ቺክንን ደግሞ በተራ በተራ አስብሏቸው፣ የሁሉም ጣጣ ናት።

የገንዘብና የሰዓት ቁጥር ላይ አትቀልዱ፣ ፊፍቲን እና ፊፍቲ ልዩነቱ ጉልበቱ ያለበት ቦታ ነው፣ 15 ሲሆን መጨረሻው ላይ፣ 50 ሲሆን መጀመሪያው ላይ። የፔይቼክ ጉዳይ ነው። የሰዓት አቆጣጠር ላይ ደግሞ እንደኛ የስድስት ሰዓት ልዩነት ስለሌላቸው እዛ ላይ ጊዜ አታባክኑ።

ወርክድ የሚባለውን ወርኬድ እንዳይል፣ ያለፈ ጊዜ የምታሳየዋ መጨረሻ ያለችው ኢዲ ከክ፣ ከፕ፣ ከስ፣ ከሽ፣ ከች እና ከፍ በኋላ ት ሆና ነው የምትሰማው፣ "ወርክት"፣ "ዋሽት"። ኢድ ተብላ የምትሰማው ግሱ ራሱ በት ወይ በድ ካለቀ ብቻ ነው፣ ኒድ ኒዲድ፣ ዌይት ዌይቲድ።

የኛን አክሰንት እንዳናወርሰው ደግሞ አዲስ ቃል ሁሉ በስልኩ ትርጉም አፕ ላይ ያለችውን የድምፅ ምልክት ነክቶ ከዛ ይስማ፣ በተለይ "ቲኤች" ያለበትን፣ እሱ የኛም አይደለም።

7. ጊዜውን እንዴት ታደርጉታላችሁ

ከሥራ በኋላ ሁለት ሰዓት የሚማር ሰው የለም፣ ደክሞታል። በእረፍት ሰዓት 20 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ይሻላል። በአንዴ ከአምስት እስከ ሰባት አዲስ ቃል አትለፉ። ትንንሽ ካርድ ይቁረጥ፣ በአንድ በኩል ሥዕል ወይ ስፓኒሹ፣ በሌላው እንግሊዝኛው፣ በማግሥቱ ይየው፣ ከዛ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዛ ከሳምንት በኋላ፣ የሳተው ካርድ ወደ መጀመሪያው ይመለስ። ካርድ የማይመቸው አንኪ የሚባለው አፕ ይሄንኑ ያደርግለታል።

በኔ እይታ ከሁሉም የሚሠራው ቮይስ ነው። በየማታው ዋትስአፕ ላይ ዛሬ የሠራውን አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ይላክላችሁ፣ እናንተ ያንኑ አስተካክላችሁ በድምፅ መልሱለት፣ ተሳስተሃል ምናምን ሳትሉ፣ "አይ ኖ ጎ ወርክ ቱዴይ" ቢል "ኦኬ፣ ዩ ዲድንት ጎ ቱ ወርክ ቱዴይ" ብቻ። እሱ ደግሞ መልሶ ይላክ። በአንድ ጊዜ አንድ አይነት ስህተት ብቻ አርሙ፣ የዚ ሳምንት ዲድ ከሆነ ሌላውን ስሙና እለፉት።

እናንተም ስፓኒሽ ተማሩ፣ አሥር ደቂቃ ለሱ አሥር ደቂቃ ለናንተ። እሱ አስተማሪ የሚሆንበት ሰዓት ሲኖር የራሱን ጥያቄ ሳያፍር ያመጣል፣ እናንተም ስፓኒሹ ምኑ ጋ እንደሚጎትተው ከውስጥ ታዩታላችሁ።

8. ከናንተ በላይ ሲሆን

ጥቂት ወር ከሄዳችሁ በኋላ ክፍል ውስጥ ይግባ። የሕዝብ ላይብረሪዎች ብዙዎቹ ነፃ የውይይት ግሩፕ አላቸው፣ ካውንቲዎችና ኮሚዩኒቲ ኮሌጆችም ለአዋቂዎች ኢኤስኤል፣ ማለት እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ ትምህርት፣ ይሰጣሉ። ቤት ሆኖ ለሚማር ዩኤስኤ ለርንስ የሚባለው ድረ ገጽ ነፃ ነው፣ የካሊፎርኒያው ሳክራሜንቶ ካውንቲ የትምህርት ቢሮ ነው የሚያስተዳድረው፣ ቪድዮዎቹ ለጀማሪ አዋቂ የተሠሩ ናቸው። ዱዎሊንጎም በስፓኒሽ ተነስቶ እንግሊዝኛ የሚማርበት አለው፣ ለቃላት ጥሩ ነው፣ ለመናገር ግን ሰው ይፈልጋል።

ሲመዘገብ አብራችሁ ቁሙ፣ ቅጹ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንዱ ስም ነው፣ እኛ በአባትና በአያት ስም እንደምንቸገረው እነሱም ሁለት የቤተሰብ ስም አላቸው፣ መጀመሪያው የአባት ወገን ቀጥሎ የእናት ወገን፣ አሜሪካን የመጨረሻውን ብቻ ላስት ኔም አድርጎ የአባቱን ሚድል ኔም ውስጥ ይከተዋል፣ ከዛ ፓስፖርቱና አይዲው አይገናኙም። ሁለቱንም ላስት ኔም ሳጥን ውስጥ፣ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይጻፍ። ሌላው ቀን ነው፣ እነሱ ቀኑን ያስቀድማሉ፣ እዚ ወሩ ነው የሚቀድመው፣ 5/8 ብሎ ኦገስት 5 ለማለት ቢፈልግ ሜይ 8 ሆኖ ይነበባል። ሳጥኑ ከፈቀደ ወሩን በፊደል ይጻፍ፣ የአሥራ ሁለቱን ወራት ስም ደግሞ ከነፃዎቹ ቃላት ጋር አብራችሁ ስጡት፣ ሴፕቲየምብሬ፣ ኦክቱብሬ፣ ኖቪየምብሬ እያለ ራሱ ይደርስባቸዋል፣ በእንግሊዝኛ ሲጻፉ በትልቅ ፊደል እንደሚጀምሩ ብቻ ንገሩት፣ በስፓኒሽ በትንሹ ነው።